የወንጀል ልቦለድ ስታነቡ ሟቹን አትርሱት

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከዘረጉት ልጆች ጋ ስቆም የምትጠይቁትን እሰማለሁ። «ልብ አንጠልጣይ አለ? የሚያስፈራ?» ትላላችሁ። ደስ ይለኛል። እኔም በዐቃቤ ሕግነቴ ዘመን ቀን የግድያ መዝገብ ሳገላብጥ ውዬ፣ ማታ ቤቴ ስገባ የማነበው ይህንኑ ነበር። «አይበቃህም ወይ?» ይሉኝ ነበር። አይበቃኝም። መዝገብ የማይነግረኝን ጥሩ ልቦለድ ይነግረኛል።

እስቲ የቶማስ ሃሪስን «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለታሰረው ሰው በላ ሐኪም ስለ ሃኒባል ሌክተር ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቦታ ነው። ሌላ፣ ገና ያልተያዘ ገዳይ ሴቶችን እየገደለ ነው። በአሜሪካው የምርመራ ቢሮ በኤፍ.ቢ.አይ ገና ሥልጠናዋን ያልጨረሰችው ክላሪስ ስታርሊንግ መጀመሪያ የተገደለችው ልጅ ቤት ትሄዳለች። ልጅቷ ልብስ ትሰፋ ነበር። ክላሪስ ክፍሏን ታያለች፣ ቁም ሳጥኗን ትከፍታለች። አንድ ቀሚስ ላይ ያለው ስፌት ገዳዩ ምን እንዳሰበ ይገልጥላታል። አለቆቿ በአውሮፕላን ሌላ ከተማ ሲሮጡ መልሱ ሟቿ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። እውነተኛ ምርመራም እንዲሁ ነው። አንዴ ከሟች ኪስ የወጣ የመድኃኒት ማዘዣ በኤግዚቢትነት ቀረበልኝ። ለልጁ የታዘዘ ሽሮፕ ነበር። እሱ ባይኖር ሰውየው በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ለምን እንዳለፈ አናውቅም ነበር።

በኋላ የመጣው «ሃኒባል» ግን አልተስማማኝም። ደራሲው ሌክተርን ወደደው፤ የተገደሉት የእሱ ብልጠት ማሳያ ሆነው ቀሩ። በቴሌግራም ከምትቀባበሏቸው ፒዲኤፎች ብዙዎቹም ይኸው በሽታ አለባቸው። በየምዕራፉ ሬሳ ይወድቃል፣ ስሙን እንኳ ሳንይዝ ገጹ ይገለበጣል። እንዲህ ያለውን መሐል ላይ ብትተዉት አልፈርድባችሁም።

አስፈሪውም ከዚህ አይለይም። የብራም ስቶከር «ድራኩላ» (እ.ኤ.አ. 1897) በደብዳቤ፣ በዕለት ማስታወሻና በጋዜጣ ቁራጭ የተሠራ ነው፤ ልክ እንደ ክስ መዝገብ። ደም መጣጩ ድራኩላ ራሱ ቃሉን አይሰጥም። ከሚያጠቃቸው አንዷን፣ ሉሲን ግን ከነሣቋ እናውቃታለን። በአንድ ቀን ሦስት ወንዶች ለጋብቻ ጠይቀዋት ለጓደኛዋ የጻፈችውን ደብዳቤ አንብቡት። በኋላ አንገቷ ላይ ሁለት ቀይ ነጥብ ሲታይ የምትደነግጡት ስለወደዳችኋት ነው።

ይህን ሚዛኔን የሚያፈርስብኝ አንድ መጽሐፍ አለ፤ የፍሬድሪክ ፎርሳይዝ «ዘ ደይ ኦፍ ዘ ጃካል»። ጃካል የሚባል ቅጥር ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደጎልን ሊገድል ይነሣል። እዚያ የሚሞቱት ብዙም አያሳዝኑም። ደጎል እ.ኤ.አ. በ1970 ቤታቸው እንደሞቱ፣ ማለትም ገዳዩ እንደማይሳካለትም አውቃለሁ። ያም ሆኖ፣ መርማሪው ኮሚሽነር ሌቤል ጃካልን በስልክና በሆቴል መዝገብ እግር በእግር ሲከተለው መጽሐፉን ማስቀመጥ አቃተኝ።

መጻፍ የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ልደታ ፍርድ ቤት ሂዱ። ዝግ ችሎት ካልሆነ በቀር ገብታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ዓይናችሁ ተከሳሹ ላይ ብቻ አይቅር። የሟች ቤተሰብ የት እንደተቀመጠ ፈልጉ፣ ቀጠሮ ሲራዘም ፊታቸውን እዩ። ከዚያ ቤታችሁ ገብታችሁ ጻፉ። የጻፋችሁትን ለጓደኛ ስጡና ስለ ሟቹ ጠይቁት፤ ሥራው ምን ነበር? ማንን ይወድ ነበር? መመለስ ካቃተው ምዕራፉን እንደገና ጻፉት።