የማስተር አዳራሽ ለምን ተዘጋ?

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

የምጽፍልዎት ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ደሴ ውስጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ካራቴ ያስተማሩኝ፣ ሁላችንም «ማስተር» የምንላቸው መምህራችን ዐርፈዋል። ከልምምድ በፊት ተንበርክከው የእያንዳንዳችንን የእግር ጥፍር የሚያዩ፣ የላላ ቀበቶ በእጃቸው ፈትተው መልሰው የሚያስሩ ሰው ነበሩ። አባቴ ቀድሞ ስለሞተብኝ እርሳቸው አሳደጉኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው የቀድሞ ተማሪያቸው «ተተኪያቸው እኔ ነኝ» ብሎ ተናገረ። በሕመማቸው ወቅት አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቃቸው ሰው! በአርባቸው ደግሞ ፎቶግራፋቸውን በትልቁ አሳትሞ ከጎናቸው የራሱን ምስል አስገባ። አሁን ለሙት ዓመታቸው ሐውልት ላሠራ ብሎ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ስሙም በድንጋዩ ላይ እንዲቀረጽ ይፈልጋል። የድሮ ተማሪዎች ለሁለት ተከፍለን ሰላምታ እንኳ አቁመናል።

ባለቤታቸው በነገሩ አዝነው በግቢያቸው ያለውን የልምምድ አዳራሽ ቁልፍ ለእኔ ሰጥተውኛል። ማስተር ታምመው በተኙበት ጊዜ የሕፃናቱን ክፍል የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ይሆናል። ነገሩ እስኪረጋ ብዬ አልከፈትኩትም። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ መጥተው ይመለሳሉ። ለመሆኑ በሙት ዓመቱ ከዚያ ሰው ጋር አንድ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ አለብኝ? ደግሞስ በጥቁር ቀበቶ ማዕረግ እርሱ ሦስተኛ ዳን ነው፣ እኔ ሁለተኛ ነኝ፤ በማስተር ቦታ ቆሜ ማስተማር ይገባኛል?

ያዘነው ተማሪ፣ ከደሴ

*

ልጄ፣ ድንኳኑ ውስጥ ግባ፣ ተቀመጥ፣ ንፍሮውን ቅመስ። ሐውልቱንም ለሚያሠራው ተውለት።

እኔን እንቅልፍ የነሡኝ ልጆቹ ናቸው። «መጥተው ይመለሳሉ» ብለህ በአንድ መስመር አለፍካቸው። ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው፣ ልጆቹ በር ላይ ናቸው፣ አንተ ደግሞ በፎቶግራፍ ትናደዳለህ። አባት የሌለው ልጅ አስተማሪው ሲሞትበት ምን እንደሚሆን ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? ከእነዚያ መካከል እንደ አንተ ያለ እንደሌለ በምን አወቅህ?

የምትማሩትን የካራቴ ስልት አላውቅም፤ ሾቶካን የሚባለው ከሆነ ግን መሥራቹ ጊቺን ፉናኮሺ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ሲያርፉ የሆነውን ሰምተህ ይሆናል። ተማሪዎቻቸው የቀብሩን ሥርዓት ማን ይምራ በሚል ተጣልተው፣ ከፊሎቹ መምህራቸውን ሳይሸኙ ቀሩ። ያ ኩርፊያ ሳይሽር ይኸው እስከ ዛሬ ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ናቸው። እኒያ አዛውንት ግን በ1922 ከጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት ቶኪዮ መጥተው መተዳደሪያ ሲያጡ፣ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ግቢ እየጠረጉ ነበር ያስተማሩት። ማዕረግ አይተው አልጠረጉም። የእናንተም ጠብ ወደዚያው እያመራ ነው፣ ያውም ደሴ ውስጥ፣ ሁላችሁም በምትተዋወቁበት ከተማ።

ይገባኛል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ይገባሃል! ማስተር በሕይወት ሳሉ፣ ክፉና ደጉን እየለዩ፣ ክፍሉን ስትይዝ ዝም ብለው አዩህ። ባለቤታቸውም ያንን አይተው ነው ቁልፉን የሰጡህ። ከዚህ የበለጠ ምን ኑዛዜ ትጠብቃለህ? ነጭ ቀበቶ ያሰረ የስምንት ዓመት ልጅ የሚማረው አቋቋምን፣ ቀጥተኛ ቡጢንና የመጀመሪያውን ካታ፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተቀነባበረ የእንቅስቃሴ ልምምድ ነው። ለዚያ ሁለተኛ ዳን ከበቂ በላይ ነው። «ተተኪ ነኝ» ማለትም አይጠበቅብህም፤ በሩን ከፍተህ አስተምር።

ዛሬ ማታ ወደ እኒያ እናት ሂድና ቅዳሜ እንደምትከፍት ንገራቸው። ሐዘን ላይ ናቸው፤ የልጆች ድምፅ ከብዷቸው እንደሆነ ግን ጠይቃቸው፣ ካልከበዳቸው አትዘግይ። የቀበቶ ፈተና ሲደርስ ሦስተኛ ዳን ያለውን ያንን ሰው ጋብዘው፤ ልጆቹን ይፈትን፣ ማዕረጉም ለቁም ነገር ይዋል። እምቢ ካለ ከሌላ ከተማ ፈታኝ ፈልግ። እርሱ እስኪመጣ ብለህ ግን ልጆቹን ዳግመኛ በር ላይ እንዳታቆማቸው።