በሜሪላንድ ብርድ በየዓመቱ የሚመለስ ጤና አዳም፣ ሮዝመሪና አበባ፦ ለጠየቅሽው መልስ

እህቴ፣ አምና ሲልቨር ስፕሪንግ ታውንሃውስሽ ደጃፍ ላይ የተከልሽው ጤና አዳም፣ ጠጅ ሳርና ሮዝመሪ በዊንተር እንዳለቀብሽ ጽፈሽ፣ “በየዓመቱ ሳልገዛ የሚመለስ ምን ልትከል?” ብለሻል። መልስ የሰጡሽ ሁሉ ብርዱን ነው የከሰሱት። ጠጅ ሳሩን በእርግጥም ብርድ ነው የገደለው። ሌሎቹን ሁለቱን ግን እዚህ አካባቢ ከብርዱ ይልቅ የሚጨርሳቸው በሸክላ አፈር ውስጥ ዊንተሩን ሙሉ ተኝቶ የሚከርመው ውሃ ነው። ስለዚህ መሬቱን ሳታስተካክዪ አንድም ችግኝ አትግዢ።

1. ጥልቀቱ 12 ኢንች የሆነ ጉድጓድ ቆፍሪና ውሃ ሙዪው። ሲመጥ እንደገና ሙዪውና ሰዓት ያዢ። በሰዓት ከ1 ኢንች በታች ከወረደ ሮዝመሪ፣ ላቬንደርና ጤና አዳም እዚያ አይኖሩም፤ ሥራቸው ይበሰብሳል። መፍትሔው ከ8 እስከ 10 ኢንች ከፍ ያለ መደብ መሥራት ነው። ከ2 እስከ 3 ኢንች ኮምፖስት ከላይ አልብሺና ከአፈሩ ጋር ቀላቅዪው። አሸዋ ጨምሪበት የሚሉሽን አትስሚ፤ ሸክላ ላይ ጥቂት አሸዋ ሲጨመር እንደ ጡብ ይደርቃል። የጣሪያው አሸንዳ ውሃ የሚወርድበትን ጥግም ተዪው። ቡናማውን የእንጨት መልች (አፈር ላይ የሚነሰነሰውን ፍልጥ) ግንዱ ሥር አትከምሪ፤ እርጥበት ይዞ ግንዱን ያበሰብሳል። ለእነዚህ ሦስቱ ጠጠር ይሻላል።

2. ችግኙ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን የዞን ቁጥር አንብቢ፤ ተክሉ ምን ያህል ብርድ እንደሚችል ይነግርሻል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የበለጠ ብርድ ይችላል። በ2023 በወጣው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ካርታ አካባቢያችን በዞን 7 እና በዞን 8 መካከል ነው። ዞን 7 ማለት በዓመቱ እጅግ ብርዳሙ ሌሊት በአማካይ ከ0 እስከ 10 ፋራናይት የሚወርድበት ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ለምትተክዪው 6 ወይም ከዚያ በታች የሚል ፈልጊ። ውጭ ፖት ውስጥ ለሚከርም ደግሞ 5 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ፖት ውስጥ ያለ ሥር ብርዱ በአራቱም ጎን ያገኘዋል። እዚህ ላይ ትልልቆቹ መደብሮች ያናድዱኛል። “ፐረኒያል” (በየዓመቱ የሚመለስ) ብለው ይለጥፉና ቁጥሩን በማይነበብ ፊደል ከጀርባ ያስቀምጡታል። ጠጅ ሳርም ፍሎሪዳ ላይ ፐረኒያል ነው! በፋሲካ ሰሞን ጫፉ ላይ ጆሮ የመሰለ አበባ ያለው ላቬንደር በገፍ ይሸጣል፤ እሱ የስፔኑ ዓይነት ነው፣ የእኛን ዊንተር ብዙ ጊዜ አያልፍም። “ግሮሶ” ወይም “ፌኖሜናል” የሚባሉትን ግዢ።

3. ጤና አዳም። የአገራችን ዓይነት ሩታ ካሌፔንሲስ ይባላል፤ የአበባው ቅጠሎች ጠርዝ እንደ ዘርፍ የተሰነጣጠቀ ነው። ብርድ አይችልም፤ ፖት ውስጥ አድርገሽ በፎል ወደ ቤት አስገቢው። እዚህ “ሩ” ተብሎ የሚሸጠው ሩታ ግራቬኦለንስ ነው። እሱ እስከ ዞን 5 ይችላል፣ ቡና ላይ ለመጨመርም ሽታው ለአገራችኑ ቅርብ ነው። በሁለት ችግኞች መካከል 18 ኢንች ተዪ። አደራ፣ ፀሐይ ላይ በባዶ እጅ አትቁረጪው። ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ ያወጣል። ጓንት አድርጊ፣ ልጆችሽንም አርቂ። ነፍሰ ጡር ሴት ቡናዋ ውስጥ እንዳታስገባው።

ሮዝመሪ ስትገዢ “አርፕ” የሚባለውን ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ፤ ተራው ዓይነት ለዚህ አካባቢ ብርድ አስተማማኝ አይደለም። ወደ ደቡብ የሚመለከት የጡብ ግድግዳ ካለሽ እዚያ ትከዪው። የምትተክዪው ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ በፎል የተተከለ ሥር ሳይሰድ ብርዱ ይደርስበታል። ጦስኝ ለሻይ ከፈለግሽ “እንግሊሽ ታይም” ያለ ችግር ይከርማል። ናናም እንዲሁ፤ ግን መሬት ላይ ከለቀቅሽው የጎረቤትን ግቢ ይወርሳል። ፖቱን እንዳለ ቅበሪው፣ አፉ 2 ኢንች ከአፈር በላይ ይውጣ። በሶብላ የአንድ ዓመት ነው፤ በየዓመቱ ትዘሪዋለሽ።

ኮሰረትና ጠጅ ሳር ውጭ አይከርሙም፣ ማንም ይከርማሉ ቢልሽ አትመኚ። ከኮሰረቱ በሴፕቴምበር መጀመሪያ 4 ኢንች የሚሆን ለጋ ቁራጭ ወስደሽ እርጥብ አፈር ውስጥ ሥር አስይዢ። ጠጅ ሳሩን በኦክቶበር አጋማሽ፣ ውርጭ ሳይመታው፣ ከሥሩ ነቅለሽ ክፈዪው፤ ቅጠሉን እስከ 6 ኢንች ቁረጪና በፖት መስኮት አጠገብ አስቀምጪ። ውሃ ትንሽ ብቻ። ሁለቱም ተመልሰው ወደ ውጭ የሚወጡት በሜይ ሁለተኛ ሳምንት ነው።

ከአገር ቤት ችግኝ ከነአፈሩ በሻንጣ ለማምጣት አታስቢ። አፈር ክልክል ነው፣ ተክሉም ከኢትዮጵያ የተክል ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ለጉምሩክ ሳያሳውቁ ማለፍ ያስቀጣል።

ከአበባ አንድ ብቻ ምረጪ ብትዪኝ ሩድቤኪያ ፉልጊዳ፣ “ጎልድስተርም” የሚባለው ነው። ቢጫ ነው፣ ከጁላይ ጀምሮ ይፈካል፣ እስከ እንቁጣጣሽም የሚደርስ አበባ ይኖረዋል። አደይ አበባ ለናፈቀው ሰው ከዚህ የቀረበ እዚህ አላውቅም። የሜሪላንድ መለያ አበባ የሆነው ሩድቤኪያ ሂርታ ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን ዕድሜው አጭር ስለሆነ ሲገዙ እንዳይምታታብሽ። አጠገቡ ኤኪናሲያ ጨምሪ፤ የደረቀውን ራስ በፎል አትቁረጪ፣ ወፎች ፍሬውን ይበሉታል። ሆስታና ቱሊፕን አጋዘን ይጨርሰዋል። ሽታቸው የሚከረፋውን እነ ጤና አዳምንና ላቬንደርን ግን አይደፍርም።

የቤት ባለቤቶች ማኅበርሽ “ሣር ብቻ” የሚል ማስጠንቀቂያ ቢልክብሽ አትደንግጪ። እንደዚያ ዓይነት ደብዳቤ ሰው አስፈራርቶ የደከመበትን ያስነቅላል። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ የሜሪላንድ ሕግ ማኅበራት ለተፈጥሮ ተስማሚ የሆነ አትክልት ላይ ምክንያታዊ ያልሆነ ገደብ እንዳይጥሉ፣ ሣር እንዲተከልም እንዳያስገድዱ ይከለክላል። በጽሑፍ መልሺላቸው፤ መደቡን ግን ንጹሕ አድርገሽ ያዢ፣ ጠርዝም ይኑረው።

መቁረጥን በተመለከተ፣ ከሴፕቴምበር በኋላ ሮዝመሪ፣ ላቬንደርና ጤና አዳም ላይ መቀስ አታሳርፊ። አዲስ የሚያወጡት ለጋ ቅጠል በውርጭ ይቃጠላል። ጤና አዳሙን በኤፕሪል እምቡጡ ሲታይ ወደ 6 ኢንች አውርጂው። ላቬንደሩን ግን ቅጠል የሌለው እንጨቱ ድረስ አትውረጂ፣ ከዚያ አያቆጠቁጥም። በማርች ቡናማ ሆኖ ያየሽውን ሁሉ ሞቷል ብለሽ አትንቀዪ። ግንዱን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለው፣ እስከ ሜይ አጋማሽ ታገሺው።