መልስ፦ የሜሪላንድን ረቂቅ ሕግ እንዴት ላንብበው? የትስ አስተያየት ልስጥ?

የትምህርት ቦርድ አባላትን የሥነ ምግባር ግዴታ ስለሚቀይረው የሜሪላንድ (የአሜሪካ ግዛት) ረቂቅ ሕግ ለጠየቁት፦ ርዕሱን ብቻ አይተው አይፍረዱ። በረቂቁ ውስጥ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈው በነባሩ ሕግ ላይ የሚጨመር ነው፤ በማዕዘን ቅንፍ የታጠረው ደግሞ ከነባሩ ሕግ የሚወጣ። ረቂቁ ከተሻሻለ በኋላ፣ ከሥሩ የተሰመረበት አዲስ ማሻሻያ ሲሆን መሐሉ ላይ የተሰረዘበት ከረቂቁ የተነሳ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በቅንፍ ያለውን እንደ አዲስ ሐሳብ ያነብና ከሕጉ ሊወጣ የታሰበውን ድንጋጌ ሲቃወም ይገኛል።

ከረቂቁ ጋር የሚወጣውን የወጪና የፖሊሲ ማስታወሻም ሳያነቡ አይለፉ፤ በተለይ በካውንቲዎች (በግዛቱ ሥር ባሉ የአካባቢ አስተዳደሮች) ላይ ስለሚያስከትለው ወጪ የሚናገረውን ክፍል። ግዴታው ተጥሎ ገንዘቡ ካልተመደበ የሚታየው እዚያ ነው።

የግዛቱ ሕግ አውጪ ጉባኤ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተጀምሮ የሚቆየው 90 ቀን ብቻ ስለሆነ አይዘግዩ። ቃልዎ ይበልጥ የሚሰማው ረቂቁን የሚመረምረው የጉባኤው ኮሚቴ የሕዝብ አስተያየት በሚቀበልበት ቀን ነው። ምዝገባው በጉባኤው ድረ ገጽ በኩል ነው፤ ከዕለቱ ቀድሞ ይዘጋል። ሲጽፉ የረቂቁን ቁጥርና አቋምዎን ከላይ ያስቀምጡ፦ ድጋፍ፣ ተቃውሞ ወይም ከማሻሻያ ጋር ድጋፍ። ከዚያ ገጹንና መስመሩን ጠቅሰው ምትክ ቃል ያቅርቡ። «ሕጉ መጥፎ ነው» የሚል ደብዳቤ ብቻውን ለኮሚቴው የሚሠራበት ነገር አይሰጠውም።

ጉባኤው ሁለት ምክር ቤቶች ስላሉት፣ ረቂቁ በሌላኛው ምክር ቤት የቀረበ መንትያ ረቂቅ ሊኖረው ይችላል። ካለው ለሁለቱም ኮሚቴዎች ለየብቻ ይጻፉ።