የተከለከለ ፍቅር ልቦለድ ለምታነቡ ልጆቼ፣ ፍርዱን ትንሽ አቆዩት

ልጆቼ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ለንደን ውስጥ በትዳርና በፍቺ ጉዳይ ጠበቃ ሆኜ ሰርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ልቦለድ ደሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። አሁን አሁን ብዙዎቻችሁ በድሮዋ እንግሊዝ በሁለት ወንዶች መሃል ስለነበረ የተከለከለ ፍቅር የሚተርኩ ታሪካዊ ልቦለዶች ታነባላችሁ፣ ስትጨርሱ የምሰማው ግን አንድ አይነት ነገር ነው፣ "ፈሪ ነው፣ የሚወደውን ሰው ክዶ ሚስት አገባ፣ ሲጸጸት ቢኖር የእጁን ነው ያገኘው" ትላላችሁ። እስቲ ቆይ። መጀመሪያ ሰውየው የኖረበትን ሕግ አንብቡ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። እንግሊዝ ውስጥ ወንድ ከወንድ ጋር ግንኙነት ፈጽሟል ከተባለ እስከ 1861 ድረስ ቅጣቱ ሞት ነበር። በዚህ ጉዳይ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰቀሉት ጄምስ ፕራትና ጆን ስሚዝ ናቸው፣ በ1835፣ ኒውጌት እስር ቤት ደጃፍ፣ ሕዝብ እያየ። ያሲያዛቸው የቤቱ አከራይ ነው፣ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ አይቶ። የሚገርማችሁ ጉዳያቸውን መርምሮ ለፍርድ የላካቸው ሄንስሌይ ዌጅዉድ የሚባለው ዳኛ ራሱ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጽፎ ማሩልኝ ብሏል፣ ገንዘብ ያለው ሰው የሚደበቅበት ቦታ አያጣም፣ የሚያዘው ድሃው ነው ብሎ። አልሰሙትም። ፕራት ሚስት ነበረችው፣ እሷን አትርሱብኝ፣ እንደሷ ወዳሉት ሚስቶች እመለሳለሁ።

ከዛ የ1885 ሕግ መጣ፣ እስከ 2 ዓመት እስራት፣ ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ወይም ያለሱ፣ ለዛውም በር ዘግተው በስምምነት ላደረጉት። አስፈራርቶ ገንዘብ የሚቀበለው ሁሉ በዚህ ሕግ ኖረበት። ደብዳቤ ደሞ ማስረጃ ሆነ። ደራሲው ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሲከሰስ ደብዳቤው ችሎት ላይ ተነቧል፣ የዴይሊ ሜይል ጋዜጠኛ የነበረው ፒተር ዋይልድብለድ በ1954 ሲፈረድበትም ለአንድ የአየር ኃይል ወታደር የጻፋቸው የፍቅር ደብዳቤዎች በሰው ፊት ተነበቡ፣ 18 ወር ተፈረደበት። ስለዚህ ልቦለዱ ውስጥ ሰውየው ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ሲከተው ፍቅሩ ስለበረደ እንዳይመስላችሁ፣ እየወደደው ነው የሚያቃጥለው፣ አንዷ ወረቀት ከተገኘች ሁለቱም ናቸው የሚታሰሩት።

ጸጸቱ ራሱ እኮ የሕጉ እጅ አለበት። ኢ ኤም ፎርስተር በ1913 እና 14 የጻፈው የሁለት ወንዶች የፍቅር ልቦለድ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1971 ነው፣ ምክንያቱም ፍቅረኞቹ መጨረሻ ላይ አብረው ይሆናሉ። በሞት ቢያልቅ ኖሮ ለማሳተም ይቀል እንደነበር ራሱ ጽፎታል። ሕጉ የተነሳው በ1967 ነው፣ እሱም 21 ዓመት ለሞላቸው ብቻ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ፣ ስኮትላንድ እስከ 1980 ሰሜን አየርላንድ እስከ 1982 ጠብቀዋል።

አሁን ወደ ሚስትየዋ ልመለስ፣ በሙያዬ ምክንያት እኔን ከሁሉም በላይ የምታሳዝነኝ እሷ ናት። የዋይልድ ሚስት ኮንስታንስ ከፍርዱ በኋላ የራሷንም የልጆቿንም የቤተሰብ ስም ቀይራ ከአገር ወጣች፣ በ1898 ጄኖዋ ላይ ሞተች፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆች አባታቸውን ዳግመኛ አላዩትም። እኔም ቢሮ ውስጥ እንደዚህ አይነት ትዳር አጋጥሞኛል፣ ሰውየው የሰው አፍ ፈርቶ ያገባል፣ ሴትየዋ ደሞ ስንት ዓመት ሙሉ "እኔ ምን አጉድዬ ነው የማይቀርበኝ" እያለች ራሷን ስትወቅስ ትኖራለች፣ እውነቱን ስትሰማ የሚያንገበግባት ባሏ ማንን መውደዱ ሳይሆን ያ በከንቱ ራሷን የጠላችበት ዘመን ነው። ጥሩ ልቦለድ ውስጥም የሰውየው ጸጸት እዚህ ጋ ነው ያለው። በመውደዱ አደለም የሚጸጸተው፣ ፍርሃቱን ሌላ ሰው እንዲከፍልለት በማድረጉ ነው።

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ታሪክ ነው እንዳትሉኝ። እኛ አገር የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርገው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ዛሬም በሥራ ላይ ነው፣ ዘመድ አዝማድም ልጁን ሲጠረጥር "ግዴለም፣ ሲያገባ ይተወዋል" ይላል፣ እዚህ ለንደን ያለው ዘመድ ሳይቀር። ከልቤ የምለምናችሁ እንደዚህ ከሚሉት ጋር አትተባበሩ። ሙሽራ ፈላጊ ሆናችሁ ከመሮጣችሁ በፊት የምታመጧትን ልጅ አስቡ፣ የሰው ልጅ ናት፣ መድኃኒት አደለችም።

ልቦለድ ለመጻፍ የምታስቡም አላችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ፣ ግን የ1895ቱን ሰው የዛሬ ድፍረት አታልብሱት። የለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ከ1674 እስከ 1913 ያሉት የችሎት ዘገባዎች ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ከፕራትና ከስሚዝ ጀምሩ፣ የ1835 የመስከረም ችሎት ላይ አሉ፣ አጭር ነው፣ አንድ ማታ አይፈጅባችሁም።