ድልድዩ ጋ ስደርስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ጌም እየተጫወታችሁ መሆኑን የረሳችሁበት ጊዜ አለ? ለዚያስ የግድ አዲስ ግራፊክስ ያስፈልጋል?» ነው ያልከው። ግራፊክሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የእኔን ልንገርህ።

ጌሙ «ሻዶው ኦፍ ዘ ኮለሰስ» ነው። ጃፓኖች ሠርተውት በ2005 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣ። እኔ እጅ የገባው ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የአጎቴ ልጅ አሮጌ ፕሌይስቴሽኑን ሲሰጠኝ ሲዲው አብሮ ነበር። እስከዚያ የማውቀው ሰፈር ያለውን ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ ኳስ ነው፣ ጫጫታ ነው፣ ከኋላህ ተራ የሚጠብቅ አለ። ማታ ብቻዬን ተቀምጬ መጫወት ለእኔ አዲስ ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። ዋንደር የሚባል ልጅ የሞተች ወጣት በፈረስ ጭኖ ወደተከለከለ ምድር ይመጣል። እሷ እንድትነሳ 16 ግዙፍ ፍጥረታትን መግደል አለበት። ያለው ሰይፍ፣ ቀስትና አግሮ የሚባል ፈረስ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የሚገጥምህ ሌላ ጠላት የለም። ሰይፉን ፀሐይ ላይ ስታነሳ ብርሃኑ ተሰብስቦ አቅጣጫ ያሳይሃል። ከዚያ መጋለብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃ የለም፤ ኮቴና ነፋስ ብቻ።

ግዙፎቹ ላይ ስትወጣ ጸጉራቸውን ጨምድደህ ነው። ለዚያ አንድ ቁልፍ ተጭነህ መቆየት አለብህ፤ ከለቀቅክ ትወድቃለህ። ፍጥረቱ ሲንዘፈዘፍ ዋንደር በአንድ እጁ ይንጠለጠላል፣ የእኔም ጣት ጆይስቲኩ ላይ ይደነዝዛል። እሱ ሲደክመው እኔም ይደክመኛል። ራሴን መርሳት የጀመርኩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

13ኛው ግዙፍ በረሃ ላይ የሚበር ነው። እንደ እባብ የረዘመ፣ ክንፍ ያለው። ሆዱን በቀስት ስትመታው ዝቅ ይልና ክንፎቹ አሸዋውን ይነካሉ። አጠገቡ በሙሉ ፍጥነት ጋልበህ ከፈረሱ ላይ ወደ ክንፉ ትዘላለህ። የተሳካልኝ ጊዜ ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ ነበር። ግን እሱ አንድም ጊዜ አላጠቃኝም። ነገር የፈለግኩት እኔ ነኝ። ሲወድቅ የድል ሙዚቃ ጠበቅኩ፤ የመጣው የሐዘን ዜማ ነው። ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

አሁን ወደ ፈረሱ። አግሮ ትእዛዝ ቶሎ አይሰማም። ወደ ግራ ስትለው ትንሽ ቆይቶ ነው የሚዞረው። መጀመሪያ አናዶኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ፤ መኪና እየነዳሁ አይደለም። ጠባብ መንገድ ላይ ልጓሙን ስተውለት ራሱ መንገዱን ይዞ ይሄዳል። ስጠራው ከሩቅ ይመጣል። በዚያ ባዶ አገር ያለኝ ጓደኛ እሱ ብቻ ነው።

(ካልተጫወታችሁት ቀጣዩን አንቀጽ ዝለሉት።)

ከመጨረሻው ግዙፍ በፊት ገደል ላይ ያለ ድልድይ አለ። እየጋለብን ሳለ ድንጋዩ ከሥራችን መናድ ጀመረ። አግሮ እኔን ወደ ማዶ ወርውሮ እሱ ገደል ገባ። ዋንደር ስሙን ጮኾ ተጣራ። እኔ ጆይስቲኩን ይዤ ደረቅኩ። ከዚያ በኋላ በእግሬ ስቀጥል እንኳ እጄ በልማድ የፈረሱን መጥሪያ ቁልፍ ይጫን ነበር።

ስለ ግራፊክሱ፦ በ2018 እ.ኤ.አ. ጌሙ ለፕሌይስቴሽን 4 እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጣ። ሣሩ፣ ድንጋዩ፣ የፈረሱ ጸጉር ሁሉ በጣም ያምራል። አሮጌው ላይ ግን ብዥ ያለው ምስል አንድም ቀን አላስቸገረኝም፤ ያሳመነኝ የአግሮ ጠባይ ነው። አዲሱንም ተጫወትኩት። ድልድዩ ጋ ስደርስ የሚሆነውን አውቃለሁ። ከመግባቴ በፊት ከፈረሱ ወረድኩ። ጌሙ አንገቱን መዳበስ ይፈቅዳል፤ ደጋግሜ ዳበስኩት። ከዚያ ወጣሁበትና ሄድን።