ስድስት ስኳር ድንች እና የባንክ ደሞዝ

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባጭሩ ይህ ነው። 26 ዓመትህ ነው፤ ባንክ ቤት መስኮት ላይ ከተቀመጥክ 3 ዓመት ሞላህ። ጦርነቱ ከተማችሁ ሲገባ ቤት ነበርክ፤ ያየኸውን ልብ ወለድ አድርገህ መጻፍ ትፈልጋለህ። የጃፓናዊውን የሾሄይ ኦኦካን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አንብበህ «እሱም ከጦር ሜዳ ተመልሶ ብዕሩን አነሳ፣ እኔ ምን እጠብቃለሁ?» አልክ። ስራ ልትለቅ ነው። አባትህ ደግሞ «ጽሑፍ እንጀራ አይሆንም» ብለው ተቆጥተዋል።

ኦኦካን ባትጠራው ኖሮ በሶስት መስመር እመልስልህ ነበር። ጠራኸው፤ ግን የሰውየውን ግማሽ ህይወት ዘለልከው።

የዘለልከው የቢሮውን ህይወት ነው። ኦኦካ እ.ኤ.አ. በ1909 ቶኪዮ ተወለደ። ኪዮቶ ውስጥ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በ1932 ተመረቀ። ጋዜጣ ቤት ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ስታንዳል የሚባለውን ፈረንሳዊ ደራሲ ከልቡ ይወድ ነበርና ስራዎቹን ይተረጉም ነበር። ይህ ግን የቤት ኪራይ አይሸፍንም። በ1938 ኮቤ ከተማ ሄዶ በአንድ የኦክስጅን ኩባንያ በተርጓሚነት ተቀጠረ። አዎ፣ ኦክስጅን! የስታንዳል አፍቃሪ ቀኑን ሙሉ የፋብሪካ ወረቀት ሲተረጉም አስበው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944 ሲዘምት 35 ዓመቱ ነበር፤ ባለትዳርና የልጆች አባት። ፊሊፒንስ፣ ሚንዶሮ ደሴት ላይ የሰጡት ስራም ያው የጽሕፈት ስራ ነው፤ የምስጢር መልእክት ይጽፍና ይፈታ ነበር። በጥር 1945 ወባ ጥሎት ጫካ ውስጥ ተማረከ። ሌይቴ ደሴት በምርኮኞች ካምፕ ቆይቶ በዓመቱ መጨረሻ አገሩ ገባ። የምርኮ ትዝታው መታተም የጀመረው በ1948 ነው። ያኔ 39 ዓመቱ ገደማ ነበር። ካንተ በ13 ዓመት ይበልጣል ማለት ነው።

«እነዚያ የቢሮ ዓመታት ባይኖሩ ቀድሞ ይጽፍ ነበር» ትለኝ ይሆናል። እኔ እንደዚያ አላየውም። በምርኮ ትዝታው ውስጥ ያለውን ወጣት አሜሪካዊ ወታደር አስታውስ። እየቀረበ ይመጣል፤ ኦኦካ ተደብቋል፤ መተኮስ ይችላል። አልተኮሰም። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን «አዘንኩለት» ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ገጽ ከገጽ ይመረምረዋል። ርኅራኄ ነው? ፍርሃት? የልጁ ዕድሜ? አንዱን ምክንያት ያነሳል፣ አገላብጦ አይቶ አይበቃም ይላል፣ ሌላ ያነሳል። አንተ ይህን ታውቀዋለህ። ማታ ካሽ ሲጎድል መዝጋት አቅቶህ ስታመሽ የምትሰራው እኮ ይህንኑ ነው።

«የሜዳ እሳት» (Fires on the Plain) የሚለው የጦርነት ልብ ወለዱ ውስጥስ? ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ወታደሩ ታሙራ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይዞታል። የጦር ክፍሉ አንፈልግህም ይለዋል፤ ሆስፒታሉም አይቀበለውም። ሲሸኙት 6 ትንንሽ ስኳር ድንች ይሰጡታል። እሱም ቁጥሩ ላይ ያተኩራል። ያገለገላት አገር ለህይወቱ የምትሰጠው ዋስትና ልክ እዚያ ላይ አለቀ። 6 ብቻ። ስንት ጦርነት ያየ ሰው አለ፤ ድንቹን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው። እኔን ብትጠይቀኝ፣ ይህን የጻፈው ቢሮ የዋለ ሰው እጅ ነው።

እኔም በ25 ዓመቴ ስራ ለቅቄ «ልጻፍ» ብዬ ተከራይቼ ተቀምጫለሁ። 7 ወር። 40 ገጽ ጻፍኩ፤ 30ውን ቀደድኩት። ሌላውን ጊዜ ያባከንኩት ከማን ልበደር እያልኩ ነው። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሬን ሸጥኩና አንድ መስሪያ ቤት ተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ሁለቱን የአጭር ልብ ወለድ መድብሎቼን የጻፍኳቸው እዚያ ሆኜ፣ ከስራ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ስለዚህ ስራህን አትልቀቅ። በእንጀራው ነገር አባትህ ልክ ናቸው።

በሌላው ግን ከእሳቸው ጋር አልስማማም። የደሞዝህ ግማሽ ቤት ይሄዳል ብለሃል። ለወላጆችህ ላክ፤ ደግ አደረግክ። ግን ከዚያ ውስጥ የ24 ዓመት ጤነኛ ወንድምህ ቀለብና የኪስ ገንዘብ አለበት። «ስራ እየፈለገ ነው» ትላለህ፤ 2 ዓመት ሙሉ! ወንድሜ፣ እየፈለገ አይደለም፤ አግኝቷል። አንተን። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የእሱን ድርሻ አቁም። በዚያው ብር ለባንኩ ቀረብ ያለ ክፍል ተከራይ። በየቀኑ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ይሄዳል ብለህ የለ? መጽሐፍህ ያለው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ቤተሰብ ይቆጣል። ይቆጣ።

ስለ ሌሎቹ ጥያቄዎችህ ባጭሩ፦ ማስተርሱን ባንኩ ከከፈለልህ ተማር፤ ለመጽሐፉ ግን አይጠቅምህም። የማሳተሚያ ዋጋ ረቂቁ ሳያልቅ አትጠይቅ። ልብ ወለዱ ውስጥ የጎረቤቶችህን ስም ቀይር።

«ከዘገየሁ ይረሳኛል» ያልከው ደግሞ አያስጨንቅህ። ኦኦካ ስለ ሌይቴ ጦርነት የጻፈውን ትልቁን መጽሐፍ በመጽሔት ማውጣት የጀመረው በ1967 ነው፤ ከምርኮው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ። በ1971 የጃፓን የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል ሁን ሲባል እንኳ «እኔ ምርኮኛ የነበርኩ ሰው ነኝ» ብሎ እምቢ አለ። አልረሳውም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደብዳቤህ መሃል፣ በቅንፍ፣ እናትህ በእነዚያ ቀናት ዱቄቱን በቡና ስኒ ይለኩ እንደነበር ጽፈህ አልፈሃል። ለምን በቅንፍ? ስንት ስኒ ነበር? ለስንት ሰው? መጨረሻ የቀረበው ማን ነበር? መጀመሪያ ይህንን ጻፍና ላክልኝ።