«በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለሽ አትፈርሚ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። የወር ደመወዜ 3,000 ብር ነው። ሰሞኑን «ትዕዛዝ ቀንሷል» ተብሎ ከ400 ሠራተኞች 60ዎቻችን ነገ አትምጡ ተባልን። አሁን የአንድ ወር ደመወዝ ሊሰጡን «በራሴ ፈቃድ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሙ ይሉናል። ልፈርም? አብራኝ የተቀነሰች ጓደኛዬ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።

መልስ፦ እህቴ፣ አትፈርሚ።

ትዕዛዝ ቀንሷል ያሉት ውሸት ላይሆን ይችላል። አገራችን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ከታገደች ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ተቸግረዋል። ሐዋሳን ጥሎ የወጣም አለ። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛ መቀነስን ሕጉ ይፈቅዳል። ግን በነፃ አይደለም፤ ወረቀቱ የመጣው ያንን ክፍያ ለማምለጥ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ 10 በመቶ ሠራተኛን የሚነካ ስንብት «የሠራተኛ ቅነሳ» ይባላል። ከ400 ሰው 60 ማለት 15 በመቶ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጉዳይ ቅነሳ ነው።

እስቲ ብሩን እንቁጠረው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 3,000 ብር። ለቀሩት 3 ዓመታት በየዓመቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በድምሩ 3,000 ብር። በቅነሳ ስለወጣሽ ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 6,000 ብር። የስንብት ክፍያሽ 12,000 ብር ደረሰ። በቅነሳ ለሚወጣ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ነገ አትምጡ ስለተባላችሁ የዚያም 6,000 ብር አለ። ጠቅላላው 18,000 ብር ነው፤ ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም በገንዘብ ይታሰብልሻል።

ብትፈርሚስ? በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሠራተኛ የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለ ነው። አንቺ 4 ላይ ነሽ። የሚሰጡሽን 3,000 ብር ይዘሽ ትወጫለሽ፣ በቃ።

እዚህ አገር ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን የለም። ስለ ሥራ ፈጠራ ዕቅድ ሁሌ እንሰማለን። ከሥራ ለወጣው ሰው መደገፊያ የተደረገው ግን የአሠሪው ኪስ ብቻ ነው። አሠሪው ራሱ ሲከስርስ? እኔ ይሄ ፖሊሲ ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ። እስኪስተካከል ድረስ ግን ያለሽ መደገፊያ ይኸው ክፍያ ነው።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ አሠሪው ማን ይውጣ የሚለውን ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ችሎታና ምርታማነት እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው አገልግሎቱ አጭር የሆነው ነው። ነፍሰ ጡርና በቅርቡ የወለደች እናት ተራቸው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ሳይጠበቅ ወጥታ ከሆነ ወደ ሥራ እንድትመለስ ልትከስ ትችላለች።

የፈረሙ ጓደኞች ካሉም ሁሉ ነገር አልቋል ማለት አይደለም። 60 ሰው በአንድ ጊዜ «በፈቃዱ» ለቀቀ ቢባል ለዳኛም አይዋጥለትም። ማስረዳቱ ግን የእነሱ ነው። ስለዚህ የቅነሳውን ማስታወቂያ፣ ፈርሙ የተባላችሁትን ወረቀትና የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሷቸው። ከግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ቶሎ ይነሳል።

መጀመሪያ በጽሑፍ ክፍያችሁን ጠይቁ። አሠሪው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። እምቢ ካለ ወደ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት ነው። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለውም። በቡድን ብትከሱ ደግሞ የጠበቃ ወጪውንም ትካፈላላችሁ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይታይም ማለት ነው። የጓደኛሽ ጉዳይ በ3 ወር የሚያልፍ ስለሆነ በእሷ ጀምሩ።